ሽመላው ሁለት ነው



በጎንደር መንደሮች ልጆች ሽመላ ሲያልፍ ባዩ ቁጥር እየዘፈኑ የኢየሩሳሌምን ወሬ ይጠይቁት እንደነበር እናቶቻችንና አባቶቻችን ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። እኛ እዚህ ያደግነው ዘፈኑን በበዓል ላይ ሰምተነዋል፤ ወፉን ግን አናውቀውም። ዛሬ ስለ ወፉ ነው የምናገረው።

አገር ቤት ሽመላ ሲባል አንድ ወፍ ብቻ አይደለም። አንዱ የአብዲም ሽመላ ይባላል። ስሙ የመጣው በሱዳን ከነበረ አብዲም ከሚባል የቱርክ አስተዳዳሪ ነው። ከሽመላዎች ሁሉ ትንሹ ነው፣ ርዝመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ጥቁር ነው፤ ሆዱ ነጭ፣ ጉልበቱ ቀይ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ አለው። ክረምት ሊገባ ሲል ይመጣል፤ በመንደር ዛፍ ላይ፣ አንዳንዴም በቤት ጣራ ላይ ጎጆውን ይሠራል። አንበጣና ተምች ስለሚለቅም ገበሬው አይነካውም። ዝናቡ ሲያበቃ ጫጩቶቹን አሳድጎ እስከ ዚምባብዌና ደቡብ አፍሪካ ይወርዳል፤ እዚያ ሲደርስ የዚያ አገር ዝናብ ይጀምራል። እንዲህ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ሲከተል ይኖራል። መንገዱ ግን ወደዚህ አይመጣም። ኢየሩሳሌምን አያውቃትም እኮ!

ሌላው ነጩ ሽመላ ነው፣ በዕብራይስጥ ሀሲዳ የምንለው። መንቆሩና እግሩ ቀይ ነው፣ ክንፉን ሲዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። የሚፈለፈለው አውሮፓ ነው። ክንፉን ብዙ አያርገበግብም፤ ከሞቀ መሬት በሚነሣው አየር ላይ ተንሳፎ ነው የሚሄደው። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይነሣ ሜዲትራንያንን ይዞራል፤ መዞሪያው ደግሞ የእኛ ሰማይ ነው። በየዓመቱ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሽመላ በእስራኤል ያልፋል፦ በነሐሴና በመስከረም ወደ አፍሪካ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ ሰሜን። ማየት የሚፈልግ በመጋቢት ወደ ቤት ሸአን ሸለቆ ይሂድ።

ስለዚህ በጥቅምት ጎንደር ያረፈ ነጭ ሽመላ ከሳምንታት በፊት በዚህ አገር ላይ አልፎ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ የጠየቁት ወሬ ያለውን ነበር። መልስ ባይሰጥ አይፈረድበትም፤ ሽመላ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፣ መንቆሩን ብቻ ያንኳኳል።

ብዙዎቹ ነጭ ሽመላዎች የሚያልፉት በሱዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ወላጆቻችን በእግራቸው የሄዱት ወደዚያው ነው። ወፉን ድንበር ላይ የሚያስቆመው የለም። እነሱ ግን በስደተኛ ካምፕ ወራት ጠበቁ፣ ስንቱን ወገን እዚያ ቀብረው መጡ።

አሁን ቡና ሲቀርብ እየዞርኩ ልጠይቃችሁ ነው፤ በእናንተ መንደር የምትዘፍኑለት ጥቁሩ ነበር ወይስ ነጩ?