የአንጓው ሰገባ፦ በደጋ ማሳ ውስጥ የሚምታቱትን የፖሊጎኑም ወገን አረሞች ስለ መለየት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ስንዴና ገብስ በሚዘራበት ደጋ፣ አንዱ ከሌላው እየተምታታ ስለሚያስቸግረን ስለ አንድ የአረም ወገን ነው። ይሁን እንጂ አረምን በትክክለኛ ስሙ አለመጥራት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በሥራዬ መጀመሪያ ላይ በራሴ ጥፋት ስለ ተማርሁ፣ ወደ ምልክቶቹ ከመግባቴ በፊት ያንን ጥፋት ላስቀድም።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ስሠራ አንድ አዛውንት ገበሬ ስንዴያቸውን የተጠመጠመ ሐረግ አሳዩኝ። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ነበረው። ጐንበስ ብዬ ሳልመረምር፣ «ይህ ኮንቮልቩሉስ ነው፤ ሥሩ ጥልቅ ስለ ሆነ ቢነቅሉት ተመልሶ ያቈጠቍጣል» ብዬ በእጅ ማረሙን ትተው 2,4-ዲ የተባለውን ፀረ አረም እንዲረጩ መከርኋቸው። ገበሬው ገንዘብ ተበድረው ገዙ፤ ረጩም። ሐረጉ ግን ጥቂት ጠውልጎ ካገገመ በኋላ ስንዴውን ጐትቶ አጋደመው። እህሉ ከተወቃ በኋላ ባለቤታቸው በሰፌድ ሲያበጥሩ ጥቁር፣ ባለ ሦስት ማእዘን ፍሬ ለቅመው በመዳፋቸው አሳዩኝና፣ «ልጄ፣ የሐረጉ ፍሬ ይኸውልህ፤ ከዘሩ ጋር እየደባለቅን መልሰን የምንዘራው እኛው ነን» አሉኝ።

ያ ተክል ፋሎፒያ ኮንቮልቩሉስ ነበር። እውነተኛው ኮንቮልቩሉስ አርቬንሲስ ብዙ ዓመት የሚኖርና ከተቈረጠ ሥር የሚያቈጠቍጥ ሲሆን፣ ፋሎፒያ ግን ዕድሜው አንድ ወቅት ብቻ ነው፤ ፍሬ ሳይቋጥር ከተነቀለ በዚያው ያበቃል። 2,4-ዲም ካደገ በኋላ እምብዛም አይጎዳውም። ስለዚህ የእኔ ምክር የሚጠቅመውን ከልክሎ የማይጠቅመውን ያዘዘ ነበር። መመሳሰላቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ፋሎፒያን «ፖሊጎኑም ኮንቮልቩሉስ» ብሎ መሰየሙ ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል።

ታዲያ መለያው ምንድን ነው? ፖሊጎኑም የሚለው ቃል በግሪክኛ «ባለ ብዙ ጉልበት» እንደ ማለት ነው፤ ጉልበት የተባለውም የግንዱ አንጓ ነው። በዚህ ወገን ተክሎች ላይ ቅጠሉ ከሚወጣበት አንጓ ግንዱን እንደ ሰገባ የሚያቅፍ ስስ ሽፋን ይገኛል። ይህን ሰገባ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የዚሁ ቤተሰብ አባላት በሆኑት በቱልት፣ በመቅመቆና በእምቧጮ ላይ እናገኘዋለን። ኮንቮልቩሉስ ግን ይህ የለውም። ያን ቀን ጣቴን በአንጓው ላይ አሳልፌ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ባልተፈጸመ ነበር።

ሰገባው ቤተሰቡን ከነገረን በኋላ ሦስቱን ዘመዳሞች እርስ በርሳቸው እንለይ።

አንደኛው ፖሊጎኑም አቪኩላሬ ነው። በመንገድ ዳርና በተረገጠ መሬት ላይ የሚነጠፍ፣ ግንዱ እንደ ሽቦ የጠነከረ፣ ቅጠሉ ትንሽና ሞላላ ነው። ሰገባው ብርማ ሲሆን ጫፉ የተቀደደ ነው። ደቃቅ አበቦቹ በቅጠሎቹ ብብት ውስጥ ይቀመጣሉ እንጂ ዘለላ አይሠሩም።

ሁለተኛው የተናገርሁለት ፋሎፒያ ነው። ይጠመጠማል፤ ሰገባው አጭር ነው፤ አረንጓዴ ነጭ አበቦቹ በላላ ዘለላ ላይ ይንጠለጠላሉ። ኮንቮልቩሉስ ግን እንደ መለከት የተከፈተ ሰፊ አበባ አለው።

ሦስተኛው ፐርሲካሪያ ኔፓሌንሲስ ነው፤ እርጥበት ያለበትን ቀዝቃዛ ደጋ ይወዳል። የቅጠሉ ዘንግ ክንፍ አውጥቶ ግንዱን ያቅፋል፤ የቅጠሉም ሆድ በደቃቃ ቢጫ ነጠብጣብ የተሞላ ነው። ነጭ ወይም ሐምራዊ አበቦቹ እንደ ትንሽ ኳስ ተሰብስበው ከሥራቸው አንዲት ቅጠል ትደግፋቸዋለች። ፍሬውም እንደ ምስር ከሁለት ወገን ያበጠ እንጂ እንደ ሁለቱ ዘመዶቹ ባለ ሦስት ማእዘን አይደለም።

በቅጠል ስፋት ብቻ መፍረድ ግን አይገባም። ያው ፖሊጎኑም አቪኩላሬ በተረገጠ መንገድ ላይ ተነጥፎ ቅጠሉ ሲያንስ፣ በለማ ማሳ ውስጥ ቀና ብሎ ቅጠሉን ያሰፋል። አንጓ፣ አበባና ፍሬ ሦስቱም ሲስማሙ ነው ስሙን መጻፍ የሚገባን። የቀድሞ መጻሕፍት ሦስቱንም ፖሊጎኑም ይሏቸው እንደ ነበር፣ ዛሬ ግን በሦስት ወገን እንደ ተከፈሉ ማስታወስም ያሻል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የአረምን ስም ግን የሚያወጣው ባለሙያው ነው፤ ሲሳሳትም ዕዳውን የሚከፍለው ገበሬው ነው። ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ ከመምከራችሁ በፊት ተክሉን ከነአንጓው፣ ከነአበባውና ከነፍሬው በወረቀት መካከል አድርቁ፤ ከተጠራጠራችሁም ከሄርባሪየም ናሙና ጋር አስተያዩ። ከሁሉ በፊት ግን እህሉን የሚያበጥሩትን እናት ጠይቁ።