የሶኬት ስሕተትና የፕሮግራም አዘጋጅ ኃላፊነት

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ሶኬት የሚለው ቃል በየቤቱ ካለው የኤሌክትሪክ መሰኪያ የተነሣ ለሁሉም የታወቀ ነው። በኮምፒውተር ሞያ ግን አንድ ፕሮግራም በመረብ አማካይነት ከሌላ ፕሮግራም ጋር የሚገናኝበት በር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኤምአይአርሲ የተባለው የውይይት ፕሮግራም፥ ያርኮ ኦይካሪነን በ1988 በፊንላንድ በኦውሉ ለፈጠረው ለአይአርሲ የተሠራ ነው። በውስጡ ያለው የስክሪፕት ቋንቋም ተጠቃሚው የራሱን ሶኬት እንዲከፍት ያስችለዋል።

የብዙ ጀማሪዎች ችግር ከአንድ የተሳሳተ ግምት ይመነጫል። «ሶክኦፕን» የተባለው ክንውን ሲነሣ በሩ ተከፈተ ብለው ያምናሉ። ክንውኑ ግን ግንኙነቱ ሲሳካም ሳይሳካም ይነሣል። ልዩነቱን የሚናገረው «ሶክኤር» የተባለው መለያ ነው፤ ዋጋው 0 ከሆነ ደኅና ነው፥ ከ0 ከበለጠ ስሕተት አለ። ስለዚህ በእያንዳንዱ የሶኬት ክንውን መጀመሪያና ከእያንዳንዱ የሶኬት ትእዛዝ በኋላ ሊመረመር ይገባዋል።

መመርመር ብቻውን ግን አይበቃም፤ የስሕተቱም ዓይነት መታወቅ አለበት። ከሶኬቱ የሚገኘው የዊንሶክ ቁጥር 11001 ከሆነ የአስተናጋጁ ስም አልተገኘም፤ ስሙ ወይም ስም ፈቺው አገልግሎት ሳይስተካከል ደጋግሞ ማንኳኳት ከንቱ ድካም ነው። 10061 ከሆነ ጥሪው እንቢታ ገጥሞታል፤ ብዙውን ጊዜ በዚያ ወደብ ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም የለም። 10060 ከሆነ መልስ ሳይመጣ ጊዜው አልፏል፤ ጥቂት ቆይቶ፥ የመቆያውንም ጊዜ እያራዘሙ መሞከር ይገባል።

ከሁሉም የሚከብደው 10054 ነው። ይኸውም የተከፈተው ግንኙነት ከወዲያኛው ወገን በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣ ነው። «ሶክራይት» የተባለው ትእዛዝ መልእክቱን ከወረፋ ያስገባል እንጂ መድረሱን አይመሰክርም። ስለዚህ ከመቋረጡ በፊት የተላከው ደርሶ እንደ ሆነ ላኪው አያውቅም። ቢተወው መልእክቱ ጠፍቶ ሊቀር ይችላል፤ ቢደግመው ደግሞ ሁለት ጊዜ ሊደርስ ይችላል። መፍትሔው እያንዳንዱን መልእክት በቁጥር መለየት፥ ተቀባዩም «ደርሷል» የሚል መልስ እስኪሰጥ ድረስ መዝግቦ ማቆየት ነው፤ የተደገመውን ተቀባዩ በቁጥሩ ለይቶ ይተወዋል።

ስሕተትን መደበቅ ፕሮግራሙን ጤነኛ አያደርገውም። መልእክቴ ደርሷል ብሎ መልስ የሚጠባበቅ ሰው፥ ያልደረሰ መሆኑን የሚያውቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ አዘጋጁ ስሕተት ሲያገኝ ስክሪፕቱን በዝምታ ከማስቆም ይልቅ፥ ምን እንደ ተሳነና ምን መደረግ እንደሚቻል ለተጠቃሚው በሚገባው ቋንቋ ሊነግረው የሞያ ግዴታ አለበት።