«አዎ» ሲባል ምን ተባለ? የስነ ልቦና መለኪያዎችና ስታቲስቲክስ በአርሲ ደጋ



 እንድናገር የተጠየቅሁት በስነ ልቦና ምርምር ስለምንገለገልባቸው መለኪያዎችና የስታቲስቲክስ ዘዴዎች ነው። ይህን ርዕስ ሲሰሙ ወደ ኋላ ወንበር የሚሸሹ ተማሪዎች መኖራቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ አልፈርድባቸውም። ዛሬ ግን ቀመር በሰሌዳ ላይ ልጽፍ አልመጣሁም። ልናገር የምሻው ቀመሩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ስለሚሆነው ነገር ነው፤ አንድ ሰው በደጃፉ ተቀምጦ ሲጠየቅ፣ መልሱም ወደ ቁጥር ሲለወጥ ምን እንደሚጨመርና ምን እንደሚጎድል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከአሰላ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲጓዙ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። በእንዲህ ያለ ማዕከል አንድ የስንዴ ዝርያ ከሌላው መሻሉን ለማወቅ ሁለቱን በሁለት ሰፋፊ ማሳዎች ዘርቶ ምርታቸውን ማወዳደር አይበቃም። አንዱ ማሳ ለም፣ ሌላው ውኃ የሚተኛበት ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ መሬቱ በትናንሽ መደቦች ይከፈላል፣ ዝርያዎቹ በዕጣ ይደለደላሉ፣ እያንዳንዱም ዝርያ ደጋግሞ ይዘራል። ይህን አሠራር በሥርዓት የቀመረው ሮናልድ ፊሸር ነው፤ ከ1919 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ፣ በ1925ም ዘዴዎቹን በመጽሐፍ አሳትሟል። እኛ የስነ ልቦና ሰዎች ዛሬ በኮምፒውተር የምናሠራው የልዩነት ትንተና ከዚያ የእህል ማሳ የመጣ ነው። እንግዲህ ስንዴ በሚበቅልበት በአርሲ ምድር ለሚማር ተማሪ ይህ ዘዴ ባዕድ ሊሆንበት አይገባም።

ባዕድ የሚሆነው ሌላው ነገር ነው። ስንዴ ይመዘናል፤ ኩንታልም በቁሉምሳ ሆነ በበቆጂ ያው ኩንታል ነው። ስንዴ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ «ይህ ሰው ማን ነው? ከቀበሌ ተልኮ ይሆን? እርዳታ ሊመዘግብ መጥቶ ይሆን?» ብሎ አያስብም። ሰው ግን ያስባል። እኛም ከግብርናው የትንተናውን ዘዴ ስንወርስ ሚዛኑን አብረን አልወረስንም። የራሳችንን ሚዛን ራሳችን መሥራት ነበረብን፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሌላ አገር ተዋስነው።

በእርግጥ የኩንታል ሚዛንም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። ካዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት በ1967 በስዊድን ድጋፍ እዚሁ አሰላን መቀመጫው አድርጎ ሥራ ሲጀምር፣ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ የስንዴውን ምርት በግልጽ ከፍ አድርገውት ነበር። እርሻው ትርፋማ ሲሆን ግን ባለመሬቶች ወደ ትራክተር ዞሩ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከሚያርሱት መሬት ተነሡ። በሄክታር የሚገኘው ኩንታል እህሉን ማን እንዳስገባው አይነግረንም። ይህን በጉዞ ላይ አነሣሁት እንጂ ዋናው ነገሬ ሌላ ነው።

ወደ መጠይቆቹ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በኮሎምቢያ፣ በሕንድ፣ በፊሊፒንስና በሱዳን ተሞክሮ በ1980 ውጤቱ የታተመው የአእምሮ ጤና ችግር መለያ መጠይቅ በአገራችን እጅግ ተሠርቶበታል። ብዙ የምንጠቀምበት ክፍሉ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብለው የሚመለሱ 20 ጥያቄዎች አሉት፤ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ድካም፣ እንዲሁም ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ ይጠይቃል። በ1988 ኮርትማንና ቴን ሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን መጠይቅ በኢትዮጵያ ሲመረምሩ ያደረጉት ነገር ቀላል ነበር፤ ቀላል በመሆኑም ይመስለኛል ብዙዎቻችን የማናደርገው። መላሾቹን «አዎ» ወይም «አይደለም» ካሰኙ በኋላ፣ ጥያቄውን እንዴት እንደተረዱትና ለምን እንዲያ እንደመለሱ ጠየቋቸው። የጥናታቸው ርዕስ ራሱ ሁለት ቃላትን ይዟል፤ መረዳትና መነሻ ምክንያት። ከመልሶቹ ብዙዎቹ ጠያቂው ካሰበው የተለየ ነገር ይዘው ተገኙ። አንዳንዱ ጥያቄው በሌላ መልክ ገብቶት መለሰ፤ አንዳንዱም ገብቶት ሳለ ከመልሱ የሚከተለውን ነገር አስቦ መለሰ። በመረጃ ማኅደራችን ውስጥ ግን ሁሉም «1» ሆነው ይቀመጣሉ።

ለዚህ ከራሳችን ቋንቋ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በአማርኛ «ሌሊት እንቅልፍ አይወስድዎትም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ቢል ምን አለ? በእኛ አነጋገር «አዎ፣ አይወስደኝም» ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ልማድ ግን ለአሉታዊ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በተቃራኒው ይሄዳል። ጥያቄውን ከእንግሊዝኛ የተረጎመው ባለሙያ፣ የጠየቀው መረጃ ሰብሳቢና ኮዱን ያስገባው ሦስተኛ ሰው ስለ አሉታዊው ጥያቄ ካልተስማሙ፣ የመልሱ አቅጣጫ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ የምንሠራው ስታቲስቲክስ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን የተገለበጠውን አያቃናም።

ከዚያ የሚከብደው ደግሞ በትክክል ተተርጉሞም ትርጉም ያልሰጠው ነው። በ1987 የታተመው የኤዲንብራ የድኅረ ወሊድ ድብርት መለኪያ 10 ጥያቄዎች አሉት። ከነዚህ አንዱ ኑሮ እንደከበዳት ለመግለጽ ነገሮች ከሰው በላይ እንደሚወጡ አድርጎ የሚናገር የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ይዟል። ይህ ቃል በቃል ወደ እኛ ቢመጣ ዛር የሰፈረባትን ሴት የሚያሳስብ ይመስለኛል። በአንጻሩ «ሆድ ይብስዎታል?» ብሎ የሚጠይቅ የውጭ መጠይቅ አላየሁም፤ በአገራችን ግን ሐዘን አንደኛው አድራሻው ሆድ ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2008 በገጠር ቡታጅራ በተሠራ የማረጋገጫ ጥናት የኤዲንብራው መለኪያ ደካማ ሆኖ ሲገኝ የዓለም ጤና ድርጅቱ ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ተሽሎ ተገኝቷል። በ2010 በአዲስ አበባ በወለዱ እናቶች ላይ በተሠራ ጥናት ግን ያው የኤዲንብራ መለኪያ ጥሩ ሠርቷል። አገሩ አንድ፣ መለኪያውም አንድ ነው፤ ከከተማ ወደ ገጠር ሲወርድ ግን ጠባዩ ተለወጠ። «በኢትዮጵያ የተረጋገጠ መለኪያ» የሚለውን ሐረግ በምርምር ዕቅዳችሁ ውስጥ ስትጽፉ የት፣ በማን ላይ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተረጋገጠ አብራችሁ ጻፉ።

ለአርሲ ይህ ጥያቄ እጥፍ ይሆናል። አሰላ ከተማ ውስጥ በአማርኛ የተጀመረ ቃለ መጠይቅ ወደ ሰጉሬ ወይም ወደ ጢዮ ገጠር ቀበሌ ሲወጣ በአፋን ኦሮሞ ይቀጥላል። በጽሑፍ የተዘጋጀ የአፋን ኦሮሞ ቅጂ ከሌለ መረጃ ሰብሳቢው እዚያው በቃሉ ይተረጉማል፤ አምስት ሰብሳቢዎች ካሉ አምስት መጠይቆች አሉ ማለት ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ሲነበብለት ደግሞ «ራስን በራስ መሙያ» የተባለው መጠይቅ ከእንግዳ ጋር የሚደረግ ጭውውት ይሆናል። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት የአባቱ እኩያ የሆኑትን ሽማግሌ «ራስዎን ስለ ማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በሙስሊሙም ሆነ በክርስቲያኑ ቤት መልሱ ምን ሊሆን እንደሚችል ልትገምቱ ትችላላችሁ። መልሱ «አይደለም» መሆኑ ሐሳቡ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ወቅቱም ቢሆን መልስ ይሰጣል፤ ስለ ድካምና ስለ ምግብ ማነስ በአጨዳ ወር የሚጠየቅ ገበሬና እህል በጎተራ ባለቀበት ክረምት የሚጠየቅ ገበሬ፣ ድብርት ባይኖርባቸውም፣ ነጥባቸው ይለያያል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። በቡታጅራ ተሠርቶ በ1999 በታተመ ጥናት 10,468 አዋቂዎች በባለ 20 ጥያቄው መጠይቅ ተጠይቀው 17.4 ከመቶው የአእምሮ ጭንቀት እንዳለባቸው ተዘግቧል። ታላቅ ሥራ ነው፤ ዛሬም ይጠቀሳል። የሚጠቅሱት ግን ብዙ ጊዜ የሚተዉት አንድ ነገር አለ፤ ችግር አለበት የተባለው 11 ወይም ከዚያ በላይ «አዎ» ያለ ሰው ነው። በሌሎች ጥናቶች መቁረጫው 8 ወይም 6 ነው። መቁረጫውን ዝቅ ባደረግን ቁጥር «ታማሚው» ይበዛል፤ የሕዝቡ ጤና ግን በዚያች ሌሊት አልተለወጠም። ስለዚህ የአንዱን ወረዳ መቶኛ ከሌላው ወረዳ መቶኛ ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት ሁለቱ በየት ላይ እንደተቆረጡ ተመልከቱ።

መቁረጫ ነጥብ በሰው ሕይወት ላይ የሚያደርገውን ለማየት ደግሞ ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን የድብርት መለኪያ እንውሰድ። በ2013 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል 926 ተመላላሽ ታካሚዎች ተሳትፈው ነበር። በጥናቱ በመቁረጫ 10፣ መለኪያው ድብርት ካለባቸው 86 ከመቶውን አግኝቷል፤ ከሌለባቸው ደግሞ 67 ከመቶውን በትክክል «የለባቸውም» ብሏል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸው። ለስሌት ያህል ከ1,000 ሰዎች 100ው ድብርት አለባቸው እንበል። መለኪያው 86ቱን ያገኛል፣ 14ቱን ያልፋል። ከቀሩት 900 ጤነኞች ግን 33 ከመቶው፣ ማለትም 297 ሰዎች፣ «ድብርት አለባችሁ» ይባላሉ። በድምሩ 383 ሰዎች ሲለዩ በእርግጥ ችግሩ ያለባቸው 86 ብቻ ናቸው፤ ከአምስቱ አንድ ያህል። ድብርት ያለባቸው 100 ሳይሆኑ 300 ቢሆኑ ኖሮ ግን ከ489 ተለይተው 258ቱ እውነተኛ ይሆኑ ነበር፤ ከግማሽ በላይ። መለኪያው ያው ነው። የተለወጠው የቀረበለት ሕዝብ ነው። ተመራማሪው «የድብርት ስርጭት 38 ከመቶ ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ ያ 38 የበሽታው ስርጭት ሳይሆን የመጠይቁ ነጥብ ስርጭት ነው። ጤና ጣቢያው ደግሞ አንድ ነርስ ብቻ ካለው፣ 297ቱ በሰልፉ ውስጥ ቆመው ሳለ 86ቱ ተራ አይደርሳቸውም።

አንባቢ ገምጋሚዎች ዘወትር የሚጠይቁት «የክሮንባክ አልፋ ስንት ነው?» ነው። ሊ ክሮንባክ በ1951 ያቀረበው ይህ ቁጥር ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚሄዱ ይናገራል እንጂ ወዴት እንደሚሄዱ አይናገርም። ለሁሉም ጥያቄ በጨዋነት «አይደለም» የሚል ሰውና እርዳታ አገኛለሁ ብሎ ለሁሉም «አዎ» የሚል ሰው ተቀላቅለው ያማረ አልፋ ይሰጣሉ። አልፋን አትጻፉ አልልም፤ የትክክለኝነት ማስረጃ አድርጋችሁ አታቅርቡት እላለሁ።

ሌላው ሁላችሁም የምታውቁት ቁጥር 422 ነው። (ሳቃችሁን እሰማለሁ።) ስርጭቱን 50 ከመቶ፣ የስሕተት ወሰኑን 5 ከመቶ አድርገን ስናሰላ 384 ይመጣል፤ መልስ ለማይሰጡት 10 ከመቶ ስንጨምር 422። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የቆመው ግን እያንዳንዱ ሰው ከመላው ሕዝብ በቀጥታ በዕጣ ሲመረጥ ነው። እኛ ደግሞ አሥር ቀበሌ መርጠን ከየቀበሌው አርባ ሰው እንጠይቃለን። ጎረቤታሞች እንደ ጎረቤት መደቦች ይመሳሰላሉ፤ ያው ገበያ፣ ያው ድርቅ፣ ያው መረጃ ሰብሳቢ አላቸው። የመመሳሰሉ መጠን 0.05 ብቻ ቢሆን እንኳ የ400 ሰዎች መረጃ የሚመዝነው በቀጥታ በዕጣ የተመረጡ 136 ያህል ሰዎችን ነው። የቁሉምሳ ባለሙያ አንድን መደብ አርባ ቦታ መዝኖ «አርባ ድግግሞሽ አለኝ» ቢል ባልደረቦቹ አይፈቅዱለትም። እኛ ግን ለራሳችን እንፈቅዳለን።

አርሲን አንሥቶ ሯጮቿን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልምና አንድ ጥናት ልጥቀስ። በ2003 የታተመ ነው፤ 114 የብሔራዊ ቡድን አትሌቶችና 111 ሌሎች ኢትዮጵያውያን በመጠይቅ ተነጻጽረው ነበር። ከማራቶን ሯጮቹ 73 ከመቶው በአርሲና በሸዋ የተወለዱ ሲሆኑ ከማነጻጸሪያው ቡድን ግን 15 ከመቶው ብቻ ናቸው። የትውልድ ቦታ ጥሩ መለኪያ ነው፤ በዝና አይለወጥም። በዚያው ጥናት ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ ይሄዱ እንደነበርም ተጠይቀዋል። ይህኛው ግን የትዝታ ጥያቄ ነው፤ አሸናፊ የሆነ ሰው ልጅነቱን እንዴት እንደሚያስታውስና ያላሸነፈው ጎረቤቱ እንዴት እንደሚያስታውስ አንድ ሊሆን አይችልም። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ቢቀመጡም የሚሸከሙት እምነት እኩል አይደለም።

ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ የምጠይቃችሁ ሥራ ይህ ነው። መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት የአማርኛውንና የአፋን ኦሮሞውን ቅጂ በጽሑፍ ይዛችሁ፣ ከየቋንቋው አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ዘንድ ሂዱ፤ ለአንዳንዶቹ በአሰላ ገበያ፣ ለሌሎቹ በገጠር። ጥያቄውን አንብቡላቸው፣ መልሳቸውን መዝግቡ፣ ከዚያ «ምን ብዬ የጠየቅሁዎት መሰለዎት?» በሏቸው። መልሱን በራሳቸው ቃል ጻፉት። ሁለት ሳምንት ይፈጅ ይሆናል፤ በበጀት ሠንጠረዥ ውስጥም የራሱ መስመር ይኑረው። ለአማካሪዎቻችሁም የዚያን ማስታወሻ ደብተር ከሶፍትዌሩ ውጤት አስቀድማችሁ አሳዩ።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ የአፋን ኦሮሞ ቅጂ በማዘጋጀት ላይ ያላችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።