የሙያ ማኅበራትና የባለሙያ ክብር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ኮሚቴው ስለ ሙያ ማኅበራት ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ እንጂ ዓሊም አይደለሁም። በኋላ ሳስበው ግን ስለ ባለሙያ ክብር መቀስ የያዘ ሰው ቢናገር ነውር የለውም ብዬ ተቀበልኩ።

በወጣትነቴ ተቀጥሬ በምሠራበት ስፌት ቤት፣ ክር ለመቆጠብ ሲባል ስፌቱን አራርቀን እንሰፋ ነበር። ለዒድ የሰፋሁት የአንድ አባት ኮት፣ ባለቤቱ ከሶላት ሳይመለሱ ትከሻው ላይ ተተረተረ። ይዘውት ሲመጡ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን «ሰፊ አይደል፣ ምን ይጠበቃል?» ብለው ኮቱን አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰፊ አንድ ነገር ይጠበቅ የነበረበት አገርና ዘመን ኖሮ እንደሆነ እጠይቅ ጀመር። መጻሕፍትን ሳገላብጥ እንደነበረ አገኘሁ።

ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1330ዎቹ መጀመሪያ ዛሬ ቱርክ በምንለው አገር ሲዘዋወር አንታሊያ ከተማ ደረሰ። አሮጌ ልብስ የለበሰና የሱፍ ቆብ ያደረገ ሰው መጥቶ ከነጓደኞቹ ለእራት ጋበዘው። ኢብን በጡጣ የሰውየውን አለባበስ አይቶ «ይህ ድሃ ነው፤ እንዴት እናስቸግረዋለን?» ሲል፣ አስተርጓሚው ሸይኽ ሳቁ። ሰውየው ጫማ ሰፊ ነበር። ነገር ግን ከልዩ ልዩ ሙያ የተውጣጡ ሁለት መቶ ያህል ባለሙያዎች መሪያቸው አድርገው መርጠውታል። እንግዳ የሚቀበሉበት ዛዊያ ሠርተዋል፤ ቀን ሠርተው ያገኙትንም ማታ ለእንግዳና ለችግረኛ ያውሉታል። እነዚህ ሰዎች «አኺ» ይባላሉ።

ላዲቅ በተባለችው ከተማ (ዛሬ ደኒዝሊ የምትባለው ናት) የገጠመው ደግሞ የሚያስቅ ነው። በገበያው ሲያልፉ ሰዎች ከየሱቃቸው ወጥተው የፈረሶቻቸውን ልጓም ያዙ። ሌሎች መጥተው ተከራከሯቸው፤ ቢላዋ እስከ መምዘዝም ደረሱ። እንግዶቹ ሽፍቶች ከበቡን ብለው ነፍሳቸው ልትወጣ ደረሰች። ኋላ ዐረብኛ የሚያውቅ ሐጂ መጥቶ ሲያስረዳቸው፣ ጠቡ «እንግዶቹን እኛ እናስተናግድ፣ እኛ እናስተናግድ» የሚል የሁለት አኺዎች ጠብ ኖሯል! ዕጣ ተጣጥለው ታረቁ። በዚያው ከተማ የዒደል ፊጥርን ቀን እያንዳንዱ ሙያ በየተራው በሬውን፣ በጉንና ዳቦውን ይዞ፣ ከሌላው ሙያ ለመብለጥ እየተሽቀዳደመ ሲወጣና ሥጋውን ለሚስኪን ሲያከፋፍል አይቷል።

በትክክል ለመናገር፣ የአኺዎቹ ቤት ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸውን ሰዎች የሚያሰባስብ ወንድማማችነት እንጂ የአንድ ሙያ ማኅበር ብቻ አልነበረም። በቀደመው ዘመንም ሙያን የሚቆጣጠረው በዋናነት ሙህተሲብ ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሶርያ የኖሩት አሽ-ሸይዘሪ ስለ ሙህተሲብ ሥራ በጻፉት መጽሐፍ፣ ሙህተሲቡ ሁሉን ሙያ ማወቅ ስለማይችል ከየሙያው የሥራውን ስውር ማጭበርበሪያ የሚያውቅ ታማኝ ሰው እንዲሾም ይመክራሉ። ይህ ሰው «ዐሪፍ» ይባላል። ልጆቻችን ዛሬ «አሪፍ» የሚሉት ቃል ከዚያው የመጣ ይመስለኛል።

የየሙያው ማኅበር፣ በዐረብኛው «አስናፍ» የሚባለው፣ በደንብ ጎልቶ የታየው በዑስማኒያ መንግሥት ዘመን በኢስታንቡል፣ በቡርሳ፣ በካይሮና በደማስቆ ነው። ልጅ በተለማማጅነት ገብቶ ዓመታት ያገለግላል፤ ከዚያ ረዳት ባለሙያ ይሆናል፤ ሥራው ሲመረመርና ብቁ ሲባል በሽማግሌዎች ፊት ወገቡን በመቀነት ታጥቆ፣ ዱዓ ተደርጎለት ኡስታ ይባላል። ማኅበሩ ጥሬ ዕቃውን፣ ለምሳሌ ቆዳውን፣ በጋራ ገዝቶ ስለሚያከፋፍል ሀብታሙ ድሃውን አያስርበውም። ለታመመና ለተቸገረ አባል የሚሆን ሣጥንም አላቸው። ዋጋ ሲወሰን የማኅበሩ አለቆች ቃዲው ፊት ቀርበው ይነጋገራሉ። በብዙዎቹ ማኅበራት ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑና አይሁዱ አብረው ነበሩ።

ሥራውን ያበላሸስ? ቱርኮች እስከ ዛሬ ክብሩን ያጣ ሰው ሲያዩ «ጫማው ጣሪያ ላይ ተወረወረ» ይላሉ። ደንበኛ ስለ መጥፎ ጫማ ሲከስና ጥፋቱ ሲረጋገጥ ሽማግሌዎቹ ገንዘቡን አስመልሰው ጫማውን በሰፊው ሱቅ ጣሪያ ላይ ይጥሉት ነበር ተብሎ ይተረካል። አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ ያያል። እኔ በዚያ ዘመን ብኖር ኖሮ የእኒያ አባት ኮት ሱቁ አናት ላይ ሲውለበለብ ይታየኛል።

እ.ኤ.አ. በ1638 ሱልጣን ሙራድ አራተኛ የኢስታንቡልን ማኅበራት ሁሉ በፊታቸው አሰልፈው ነበር። ኤቭሊያ ቸለቢ የተባለው ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ከዳቦ ጋጋሪ እስከ መርከብ ሠሪ እያንዳንዱ ሙያ ሥራውን እያሳየ አለፈ፤ ማን ይቅደም በሚለው ላይ ጭቅጭቅ ተነስቶም ጉዳዩ ሱልጣኑ ዘንድ ደረሰ። መቅደም የሚያጣላው የሚኮራበት ሙያ ያለውን ሰው ነው።

በኪነ ጥበቡም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። የቁም ጽሕፈት ተማሪ የመምህሩን ፊደል ዓመታት ሲገለብጥ ይቆያል። መምህሩ ኢጃዛ እስኪሰጠው ድረስ በሥራው ግርጌ ስሙን አይጽፍም። ይህ ደንብ ዛሬም በቱርክ አለ።

እንግዲህ ሁሉን ማር አስመስዬ አልናገርም። ማኅበራቱ እያደር በራቸውን ዘጉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሱቁ ቁጥር በፈቃድ ተወስኖ፣ ፈቃዱ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ጀመር፤ እጀ ብልህ የድሃ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ረዳት ሆኖ ቀረ። ሴቶችም በአብዛኛው ከበሩ ውጭ ነበሩ፤ ኢብን በጡጣ በላዲቅ ያደነቀውን ወርቀ ዘቦ ልብስ የሚሠሩት ግን በአብዛኛው የሩም ሴቶች እንደነበሩ ራሱ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1838 ከእንግሊዝ ጋር የንግድ ውል ተፈርሞ የፋብሪካው ጨርቅ ሲጎርፍ፣ በሩን የዘጋ ማኅበር ጎርፉን መቋቋም አልቻለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ርስት የተነፈጉት የሰሜን ሙስሊሞች በሽመናና በንግድ ኖሩ። በጎንደር እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ሙስሊሞች ሰፈራቸውን ለይተው እንዲኖሩ ተወስኖ ነበር። የብረት፣ የቆዳና የሸማ ባለሙያ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን ወይም ቤተ እስራኤል፣ «ቀጥቃጭ»፣ «ፋቂ»፣ «ቁጢት በጣሽ» ተባለ፤ ከዚያም አልፎ «ቡዳ»። ነቢዩላህ ዳውድ ጥሩር ሠሪ፣ ነቢዩላህ ዘከሪያ አናጢ መሆናቸውን የምናውቅ እኛም ልጃችንን ለአንጥረኛ ለመዳር እናመነታ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አወጁ። አዋጁ መልካም ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ እኔ ዘንድ ደርሷል። ያ የአንታሊያው ጫማ ሰፊ ሱልጣን አዋጅ አላወጣለትም። ጓደኞቹ መረጡት፣ እንግዳ አበላ፤ ሰው አከበረው።

መደራጀትማ እናውቃለን። እድር አለን፤ ሐረሪዎች አፎቻ አላቸው፤ እቁብ የማይጥል ነጋዴ የለም። ለለቅሶና ለሰርግ ማንም አይቀድመንም። ግን ከእነዚህ አንዱም «ስፌትህን ለምን አራራቅከው?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ስለዚህ ከኮሚቴው ጋር የተነጋገርነውን ልንገራችሁና ልጨርስ። በመስጊዳችን ዙሪያ ያለን ሰፊዎች በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ በመድረሳው ክፍል እንሰበሰባለን። ደንበኛ ያጉረመረመበትን ሥራ ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋለን፤ የመጀመሪያውን እኔ አመጣለሁ። ሙያ መማር የሚፈልግ ወንድም ሆነ ሴት ልጅ ያላችሁ ላኩልን፤ የአባታቸውን ሙያ አንጠይቅም። አናጢዎችና ብረት ሠሪዎችም የየራሳችሁን ቀን ምረጡ። የክፍሉ ቁልፍ ሙአዚናችን ዘንድ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።