ስንት ዋት ነው ከማለት በፊት



አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየምም ገባ ስትሉ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ልጆች ታገኛላችሁ። ጥሎሹ፣ ሠርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ በሁለትና በሦስት ካሜራ ሲቀረጽ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ይከማቻል። ደንበኛው ደግሞ ከዓመት በኋላ «ሌላ ኮፒ ስጡኝ» ብሎ ይመጣል። ስለዚህ አንዳንዶቹ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ስድስት፣ ስምንት ሃርድ ዲስክ ይደረድሩና የቤት ሰርቨር ያደርጉታል።

ለዲስኩ ይከራከራሉ፣ ያማርጣሉ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ሲደርሱ ግን «ከኬዙ ጋር የመጣው ይበቃል» ይባላል። የዛሬው ወጌ እዚህች ላይ ነው። ፓወር ሰፕላይ መምረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አይቶ መግዛት ደግሞ ሙያ አይባልም።

እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ባለ 3.5 ኢንቹ ዲስክ አንዴ መሽከርከር ከጀመረ የሚበላው ከ5 እስከ 8 ዋት ቢሆን ነው። ሲነሳ ግን ለጥቂት ሰከንድ ከ12 ቮልቱ መስመር 2 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 24 ዋት መሆኑ ነው። የቆመ መኪና ገፍቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ጉልበት የሚጨርሰው ከቦታው ማንቀሳቀሱ ነው። ስምንቱ በአንዴ ሲነሱ 16 አምፔር ይፈልጋሉ። ለማዘርቦርዱና ለፕሮሰሰሩ 6 ጨምሩበት፤ 22 ሆነ።

አሁን የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ገልበጥ አድርጋችሁ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ። በትልቁ 500 ዋት ይላል፤ በ12 ቮልቱ ሥር ግን 18 አምፔር ተብሎ ታገኙት ይሆናል። 18 በ12 ሲባዛ 216 ዋት ነው። የቀረው ሞተር በማያዞሩት በ5 እና በ3.3 ቮልቱ መስመር የተደለደለ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ደህና ተደርጎ የተሠራ ባለ 450 ዋት ግን በ12 ቮልቱ ብቻ 37 አምፔር ገደማ ይሰጣል። ትንሹ ቁጥር ትልቁን በለጠው ማለት ነው።

ይህ ሒሳብ እኛ ዘንድ ይብሳል። መብራት በማይጠፋበት አገር ሰርቨር አንዴ ከተነሳ ወራት ይከርማል። እዚህ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ኮምፒውተሩ «መብራት ሲመጣ ራስህ ተነሳ» ተብሎ ከተስተካከለ፣ የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ በሚነሳበት ቅጽበት ስምንቱም ዲስኮች አብረው ይነሳሉ። ቮልቱ የሚዋዥቀውም ያኔ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ «100–240 ቮልት» የሚለውን ፈልጉ፤ የወረደ ቮልት ይችላል። ዩፒኤስ ካላችሁም በዩኤስቢ ኬብል ከሰርቨሩ ጋር አገናኙት። ሥራው ሌሊቱን ማሳለፍ ሳይሆን፣ ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩ በወጉ እንዲጠፋ ማድረግ ነው።

ኬብሉንም አትናቁት። አንድ የሳታ ፓወር መሰኪያ በ12 ቮልት የሚሸከመው 4.5 አምፔር ነው። ከእሱ ላይ በማከፋፈያ አራት ዲስክ ብትቀጥሉ ሲነሱ 8 አምፔር ይጠይቁታል፤ ፕላስቲኩ እስከ መቅለጥ ይደርሳል። የሌላ ፓወር ሰፕላይ ተነቃይ ኬብልም አትዋሱ። መሰኪያው ልክክ ብሎ ይገባና የሽቦው አቀማመጥ ይለያያል፤ በ5 ቮልቱ ቦታ 12 ቮልት ከገባ ዲስኮቹ አብረው ይቃጠላሉ።

«80 ፕላስ» የሚለው ምልክትስ? ነሐስም ይሁን ወርቅ፣ የሚነግራችሁ በሙቀት የሚባክነው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሆነ እንጂ የሳጥኑን ጥንካሬ አይደለም። ጥቅም የለውም ግን አይባልም፤ ቀን ከሌት 100 ዋት የሚበላ ሰርቨር በ30 ቀን 72 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል።

እዚያው ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ የተማረ ኤሌክትሪሺያን ሽቦ ከመዘርጋቱ በፊት ስንት አምፔር እንደሚሸከም ይጠይቃል። እናንተም ሱቅ ስትገቡ «ስንት ዋት ነው?» አትበሉ፤ «በ12 ቮልቱ ስንት አምፔር አለው?» በሉ። ሻጩ ሳጥኑን አዙሮ ሠንጠረዡን ካሳያችሁ ተነጋገሩ። «ኧረ ይችላል፣ አታስቡ» ካላችሁ አመስግናችሁ ወደ ቀጣዩ ሱቅ እለፉ።