እናት ከቤት በወጣች ቀን ስለሚሆን የአባት ተግባር



ዛሬ የምናገረው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በየቤታችን የሚደርስ ነውና በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ። ነገሩም እናት ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶ ወይም ወደ ሐኪም ቤት በሄደች ቀን፣ ዳዴውን ጨርሶ በእግሩ መሄድ የጀመረውን ሕፃን ማን ይጠብቀዋል የሚል ነው።

በደባርቅና በዳባት ዙሪያ፣ በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት መንደሮች፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። አያት ካለች አያት፣ አያት ከሌለች ታላቂቱ እኅት ትጠብቀዋለች። እኅቲቱም ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ስሟ በመምህሩ መዝገብ የተጻፈ ተማሪ ናት። አባት በቤት ቢውል እንኳ ሕፃኑን በአንቀልባ የምታዝለው እርስዋ ናት። መምህሩም በመዝገቡ ላይ «ቀረች» ብሎ ይጽፋል፤ ስለ ምን እንደ ቀረች ግን መዝገቡ አይናገርም። እናቲቱም ወላጅዋን ለማስታመም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ጎንደር ወርዳ የሰነበተች እንደ ሆነ፣ የአንድ ቀን መቅረት የሳምንት ይሆናል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ሲደነግግ፣ ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት እንዳለው፣ ደግሞም ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዲሠራ መገደድ እንደሌለበት ይናገራል። እንግዲህ አባት ሕፃኑን ለተማሪ ልጁ ትቶ ቢወጣ ሁለቱም ልጆች ይጎዳሉ። ታላቂቱ ትምህርቷን ታጣለች፤ ታናሹም አባቱን ሳያውቅ ያድጋል።

ማወቅ ስንል ስምን ማወቅ ብቻ አይምሰላችሁ። የአባቱንማ ስም ከራሱ ስም አስከትሎ ዕድሜውን ሙሉ ይጠራዋል። ሕፃን ሰውን የሚያውቀው ግን በእጁና በድምፁ ነው፤ ያጎረሰውን፣ ያጠበውን፣ ሲያለቅስ ያነሣውን ያውቃል። ከምሽት በቀር የማያየው አባት ለእርሱ እንግዳ ነው። ሕመም ወይም ሞት በእናቲቱ ላይ ቢደርስ ያ ሕፃን ወደ ማን ይሸሻል?

አባት ከሕፃኑ ጋር ብቻውን የሚውልበትን ቀን በቅደም ተከተል እንመልከት። ደባርቅ ደጋ ነውና የጠዋቱ ብርድ ይጠናል፤ ሕፃኑም ነቅቶ እናቱን ሲያጣ ያለቅሳል። አባት በጋቢው ጠቅልሎ ይያዘው፤ ከብቱን ያሳየው፤ «እናትህ ማታ ትመጣለች» ብሎ እውነቱን ይንገረው። «አያ ጅቦ መጣልህ» ብሎ ማስፈራራት ግን ሕፃኑን ዝም ቢያሰኘው እንኳ አባቱን የፍርሃት ምንጭ ያደርግበታል።

ቀጥሎ ምግብ ነው። እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ የገብስ ገንፎ ወተት ወይም እንቁላል ጨምሮበት ያብላው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነውና በአንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት ይልቅ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይሻላል። ይህንንም ቸል የምንለው ነገር አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 ከመቶው ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች የቀነጨረ ሆኖ ተገኝቷልና።

ቀትር ሲሆን የሕፃኑ እግር አያርፍም። ስለዚህ ምድጃው ይከለል፤ የውኃው ዕቃ ይከደን፤ ማጭድና መርፌ፣ ይልቁንም የአረም መድኃኒት፣ እጁ ከማይደርስበት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። «ለአንድ አፍታ ነው» ብሎ ትቶት መውጣት አይገባም፤ ለመቃጠል አንድ አፍታ ይበቃልና። ተቅማጥ ቢይዘው መጠጥና ምግብ አይከልከል፤ ከጤና ኬላ የሚሰጠውን የሕይወት አድን ዱቄት አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ ያጠጣው፤ ወደ ጤና ኬላም ይውሰደው።

ምናልባት ከመካከላችሁ «የሚያርስ ሰው ቀኑን ለሕፃን ከሰጠ እርሻውን ማን ያርስለታል?» የሚል ይኖራል። ይህ ቃል እውነት አለበት፤ በእርሻ ወራት አንድ ቀን ብዙ ዋጋ አላትና። ነገር ግን ገበሬያችን በወሩ ውስጥ በ12 ስለ ሚካኤል፣ በ21 ስለ ማርያም፣ በ23 ስለ ጊዮርጊስ በሬ የማይጠምድባቸው ቀኖች አሉት። ከቅዳሴ መልስ ሕፃኑን ይዞ ቢውል ከእርሻው የሚጎድልበት የለም፤ የግድ የሚሆንበት ቀንም ሲመጣ ሁለቱ ተዋውቀው ይቆያሉ። የእናቲቱንም መንገድ፣ የሚቻል ሲሆን፣ ባልና ሚስት ተመካክረው እንዲህ ባለው ቀን ያድርጉት።

ሌላውም «ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት» የሚለውን ተረት ይጠቅስ ይሆናል። ተረቱ ግን ልጅ የሚያደርገውን አያውቅምና ተጠንቀቅ ይላል እንጂ ልጅህን ተወው አይልም። ወንድ ልጅ ማዘሉ ያሳፍራል ለሚለውም፣ በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን የቍስቋምን በዓል ስናከብር አረጋዊው ዮሴፍን እናስብ፤ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት እስከ ግብጽ መሰደዱ ክብር ሆነለት እንጂ ነውር አልሆነበትም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ተማሪ በቀረች ጊዜ ምክንያቱን ጠይቃችሁ ከስሟ አጠገብ ጻፉ፤ ሕፃን ለመጠበቅ ቀርታ እንደ ሆነም አባቷን በመልካም ቃል አነጋግሩት። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ልጁን አዝሎ የሚታየውን ሰው በአደባባይ አመስግኑት፤ የእናንተ ምስጋና የፌዘኛውን አፍ ይዘጋልና። እናት ማታ ስትመለስ ሕፃኑ ጠግቦ፣ ታላቂቱም የዕለቱን ትምህርት ተምራ ብታገኛቸው፣ ያ ቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ጠባቂ አለው።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ያሳድግልን።