ዶሮን በክረምት ከብርድና ከአውሬ ስለ መጠበቅ
ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ላገር ሽማግሎች የተሰናዳ ንግግር



ስለ በሬና ስለ ላም አጠባበቅ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ዶሮ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ይኸውም በሬ የአባወራው፤ ዶሮ ግን የእመቤቲቱና የልጆች ናት ተብላ ስለምትታሰብ ነገሯ ከሽማግሎች ጉባኤ አይገባም። ይሁን እንጂ ከጊንጪ እስከ ጌዶ፤ ከአምቦ እስከ ጀልዱ ድረስ በገበያ ቀን የቤቱን ጨውና ሳሙና የሚገዛው ብዙ ጊዜ የዕንቁላል ዋጋ ነው። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈትም እናት ለልጅዋ ደብተርና እርሳስ የምትገዛው ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ዶሮ ሸጣ ነው። እንግዲህ በሐምሌና በነሐሴ የሞተች ዶሮ ሁሉ በመስከረም የጎደለ ደብተር መሆንዋን ልብ ማለት ይገባል። ስለዚህ መምህሩ ይህን የሴቶች ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባውም።

የእርሻ ትምህርት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በአምቦ በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት አድጎ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ትምህርቱ ግን ከበሬው ቀንበር አልፎ እስከ ዶሮዪቱ ማደሪያ ሊደርስ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የብርዱን ጠባይ መለየት ይገባል። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ወይና ደጋ ናት፤ የጀልዱ ተራሮች ግን ከዚያ እጅግ ከፍ ያሉ ደጋ ናቸው። በዚህ አገር ሁሉ ሁለት ዓይነት ብርድ አለ። አንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚቆየው የዝናብና የጭቃ ብርድ ነው። ሁለተኛው ሰማይ ጠርቶ፤ ሌሊቱ ከዋክብት በዝተውበት፤ ማለዳ በሣሩ ላይ ውርጭ የሚታይበት የጥቅምት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ነው። ሰውም ይህን ሁለተኛውን ስለሚፈራ በጥቅምት አንድ አጥንት ይላል። ዶሮን አብዝቶ የሚጎዳት ግን ፊተኛው ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። የዶሮ ሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ያህል ነው፤ ከሰው ሙቀት ይበልጣል። ላባዋም በመካከሉ አየር ይዞ ይህን ሙቀት እንደ ጋቢ ይጠብቅላታል። ላባው ደረቅ ሲሆን የውርጭ ሌሊት እንኳ አይገድላትም። ላባው በዝናብ ሲርስ ግን አየሩ ይወጣል፤ በረጠበው ላባ ላይ ነፋስ ሲመታት ሙቀትዋ ይባክናል። ስለዚህ ዶሮን ከብርድ መጠበቅ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ እንዳትርስ መጠበቅ ማለት ነው።

አሁን ዶሮ የምታድረው የት ነው? በብዙ ቤት ከሰው ጋር፤ በቆጥ ላይ ወይም ባልጋ ሥር ነው። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልተጀመረም። ቤቱ ይሞቃል፤ ጣራው አያፈስም፤ ሸለምጥማጥም ሰው ካለበት አይደፍርም። የአባቶች አሳብ በዚህ ረገድ ትክክል ነበረ። ነገር ግን በመሬት ላይ የሚድኸው ሕፃን የዶሮውን ኩስ በእጁ ነክቶ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፤ ከዚያም ተቅማጥ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ኢትዮጵያ ታትሞ የወጣ ጥናት ዶሮ ባለበት ቤት ያሉ ልጆች በቁመታቸው የተሻሉ መሆናቸውን፤ ዶሮዎቹ ከሰው ጋር ባንድ ቤት በሚያድሩበት ግን የልጆቹ እድገት ዝቅ ብሎ መገኘቱን አመልክቷል። እንግዲህ ዶሮ ለልጅ በረከት የምትሆነው ከልጁ መኝታ ተለይታ ስታድር ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ ዶሮዎቹን ወደ ደጅ ያወጣና በሰኔ ጭቃ ላይ በተደገፈ አሮጌ ቅርጫት ሥር ያሳድራቸዋል፤ በሳምንቱም ግማሾቹ በዝናብ፤ ግማሾቹ በአውሬ ያልቃሉ። ሌላው ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ብሎ ቤታቸውን ከላይ እስከ ታች በጭቃ መርጎ ይዘጋዋል። በዚያ የታፈነ ቤት ትንፋሻቸው እርጥበት ይሆናል፤ የኩሱም ትነት ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ያቃጥላል፤ ሲያስሉና ሲያነጥሱ ከርመው ይሞታሉ። ሁለቱም ሰዎች በኋላ ዶሮ ከሰው ቤት ካላደረች አትኖርም ይላሉ። ነገር ግን የጎደለው የሰው ቤት አይደለም፤ ደረቅና አየር ያለው የራስዋ ቤት ነው።

የዶሮ ቤት አሠራር እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ቦታው ውኃ የማይተኛበት፤ ከሰው ቤት ብዙ ያልራቀ ይሁን፤ በሌሊት ጩኸት ቢሰማ ሰው ሊደርስ ይገባልና። ለ10 ዶሮ ርዝመቱ 4 ክንድ፤ ወርዱ 3 ክንድ ይበቃል።

2ኛ፤ ወለሉ ከመሬት አንድ ክንድ ተኩል ከፍ ብሎ በአራት እግር ላይ ይቁም። ወለሉ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወይም በቀጭን እንጨት ቢረበረብ ኩሱ ወደ ታች ይወርዳል። የወረደውም ተጠርጎ ለጓሮ ጎመንና ለጌሾ ማዳበሪያ ይሆናል። በውርጭ ወራት ግን ነፋስ ከታች እንዳይነሣ ርብራቡ ላይ የጤፍ ጭድ ይነጠፍበት፤ ጭዱም ሲረጥብ ይለወጥ።

3ኛ፤ ግድግዳው እስከ ዶሮዎቹ ራስ በላይ ድረስ በጭቃ ይመረግ። ከዚያ በላይ ከክዳኑ ሥር አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ቦታ ይተው፤ እርሱም በሽቦ ወንፊት ይሸፈን። እንዲህ ሲሆን የተበላሸው አየር ከላይ ይወጣል፤ ነፋሱም የተኙትን ዶሮዎች አይመታም።

4ኛ፤ ክዳኑ ወፍራም የሣር ክዳን ሆኖ ዳርቻው ከግድግዳው አንድ ክንድ ይውጣ። በሩ ዝናብ በማይመታበት ወገን ይሁን። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከዝናብ በኋላ የትምህርት ቤቱ የትኛው ግድግዳ እንደ ረጠበ ተማሪዎች ተመልክተው ይንገሩ።

5ኛ፤ በውስጡ የሕፃን ክንድ ያህል የወፈረ ቆጥ ይጋደም፤ ለያንዳንዷ ዶሮ አንድ ስንዝር ይቆጠርላት። ዶሮ በእንዲህ ያለ ቆጥ ላይ ስትቀመጥ የሆድዋ ላባ ጣቶችዋን ይሸፍናቸዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቤቱን ለማሞቅ ብሎ የከሰል ማንደጃ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። የከሰል ጢስ ባይታይም በተዘጋ ቤት ሰውን እንኳ ይገድላል። ለዶሮ ማታ ማታ ከመስፈርዋ በፊት አንድ እፍኝ በቆሎ ወይም ስንዴ መስጠት ይሻላል፤ በሆድዋ የሚፈጨው እህል ሌሊቱን ሙሉ ያሞቃታልና። በቤቱ ጥግ ደረቅ አመድ ቢደረግላት ትንከባለልበታለች፤ ከቅማልም ትድናለች።

ከአውሬ ስለ መጠበቅ፤ የሌሊት ጠላትዋ ሸለምጥማጥና ድመት፤ የቀን ጠላትዋ ጭልፊት ነው። ሸለምጥማጥ እንጨት ይወጣል፤ በጠባብ ቀዳዳም ይሾልካል። ስለዚህ የቤቱ እግሮች በቆርቆሮ ይጠቅለሉ፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን፤ በሩም መቀርቀሪያ ይኑረው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዶሮዎቹ ተቆጥረው ይዘጉ፤ ቆጠራውም የአንድ ልጅ ሥራ ይሁን። የሁሉም ሥራ የሆነ ነገር የማንም ሥራ አይሆንም።

ጫጩት ከዶሮ ይልቅ ጥንቃቄ ያሻታል። ሲፈለፈሉ ያላቸው ለስላሳ ጠጉር ብቻ ነው፤ እውነተኛ ላባ እስኪያወጡ 6 ሳምንት ያህል ያስፈልጋቸዋል። እስከዚያ ሙቀታቸው የእናታቸው ክንፍ ነው። በሐምሌ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ከእናታቸው ጋር ጥሬ ፍለጋ በረጠበ ሣር ውስጥ ሲውሉ ይረግፋሉ፤ ሰውም ዕድላቸው ነው ይላል። ነገሩ ግን የዕድል አይደለም፤ የጊዜ ምርጫ ነው። መስከረም 10 ቀን ዕንቁላል ያቀፈች ዶሮ በ21 ቀን፤ ማለት በጥቅምት መባቻ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹም ለኅዳር ሚካኤል ላባቸውን ለብሰው ውርጩን ይቀበላሉ፤ በአውድማ የሚወድቀውንም እህል ይለቅማሉ። አውራዎቹ ለሚመጣው ዘመን መለወጫ ይሸጣሉ፤ ቄቦቹም ለዕንቁላል ይቀራሉ። በክረምት የግድ የተፈለፈሉ ቢኖሩ ሣሩ እስኪደርቅ እናቲቱና ጫጩቶቹ ከጣራ በታች በደረቅ ጭድ ላይ ይዋሉ። እናቲቱ ብትሞት ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእንቅብ ውስጥ ከጫጩቶቹ ጋር ይቀመጥ፤ ሲቀዘቅዝም ይለወጥ።

ጥንቸል የሚያሳድግ ልጅ ቢኖርም ይኸው ሕግ ይሠራል። ጥንቸል ወፍራም ጠጉር ስላላት ደረቅ ብርድ ትችላለች፤ እርጥበትና ነፋስ ግን ይገድላታል። ከመሬት ከፍ ያለ፤ ክዳኑ የማያፈስ፤ ደረቅ ድርቆሽ የተነጠፈበት ሣጥን ይሠራላት፤ ከዶሮ ጋር ግን ባንድነት አትደር።

ቤቱ ምንም ያህል ቢያምር ሊመልሰው የማይችል አንድ ጠላት አለ፤ እርሱም ፈንግል ነው። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አጠገብ ስለ ታወቀ በዓለም ሁሉ በዚያች ከተማ ስም ይጠራል። የያዛት ዶሮ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፤ ክንፍዋ ይወድቃል፤ አንገትዋም ይጠመዘዛል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱን እ.ኤ.አ. በ1964 በቢሾፍቱ የተቋቋመው የመንግሥት የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ያዘጋጃል። በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ስለ ሆነ አሰጣጡ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ መደገም አለበት። አንድ ቤት ብቻውን ቢያስከትብ ትርፉ ጥቂት ነው፤ መንደሩ ሁሉ ባንድ ቀን ሲያስከትብ ግን በሽታው መግቢያ ያጣል።

እዚህ ላይ የሽማግሎች ሥልጣን ያስፈልጋል። ዶሮው የታመመበት ሰው ሳትሞትብኝ ልሽጣት ብሎ ወደ ገበያ ይወስዳታል። የገዛትም ሰው ለበዓል ደስታ ብሎ ሞትን ወደ መንደሩ ይዞ ይገባል። የታመመች ዶሮ ለገበያ እንዳትወጣ፤ የሞተችም በወንዝና በመንገድ እንዳትጣል፤ ነገር ግን በጥልቅ እንድትቀበር ሽማግሎች ቢወስኑ ሕዝቡ ይሰማቸዋል። ከገበያ የተገዛች ዶሮም ከሌሎቹ ሳትቀላቀል 14 ቀን ለብቻዋ ትጠበቅ።

መምህሩም በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ የዶሮ ቤት ከተማሪዎቹ ጋር ይሥራ። እንጨቱ፤ ጭቃውና ሣሩ ካገሩ የሚገኝ ነው፤ የሚገዛው ጥቂት ሽቦና ቆርቆሮ ብቻ ነው። ተማሪዎቹም ስንት ዕንቁላል እንደ ታቀፈ፤ ስንቱ እንደ ተፈለፈለ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ስንቱ በሕይወት እንደ ቀረ በመዝገብ ይጻፉ፤ የጎደለውም በምን እንደ ጎደለ ይመርምሩ። በዚህ ሒሳብንም ጽሕፈትንም ይማሩበታል። ዛሬ በትምህርት ቤት ያየውን ልጅ ነገ በእናቱ ጓሮ ይሠራዋል፤ እናቲቱም ከልጅዋ እጅ ስታየው ታምነዋለች።

ሥራው በግንቦት ዝናቡ ሳይበረታ ይጀመር። ሐምሌ ከገባ በኋላ ጭቃው አይደርቅም፤ የታጨደ ሣርም አይገኝም።